ለ14 ዓመት ልጅ የትኛው ይሻላል? የክርስቲያን ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ ስትገባ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሾልኮ ወደቀ። 14 ዓመቷ ነው። እህቴ አንስታ ጀርባውን አየት አደረገችና «ክርስቲያን መጽሐፍ ነው፤ ጎበዝ የኔ ልጅ» አለቻት። እኔ ሽፋኑን ሳይ የቡና ስኒዬን አስቀመጥኩ። «ሪዲሚንግ ላቭ» ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ያነበብኩት 30 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ቦታ ላይ ዘግቼው ተነስቻለሁ።

«ምነው? ክርስቲያን ነው ይላል እኮ!» አለች እህቴ።

ይላል፤ አልዋሸም። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ግን አይልም። ፊልም ቢሆን ፒጂ 13 ምናምን የሚል የዕድሜ ምልክት ይኖረዋል። ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት ለአዋቂ ሴቶች ነው። እኛ ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ደግሞ የልጆቻችንን መጽሐፍ የምንመረምረው በሽፋኑ ነው። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ የስንዴ ማሳ፣ ጀርባው ላይ «እምነት» የሚል ቃል። በቃ፣ አለፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ለጓደኞቿ ስሜን ሰጥታ ስልኬ አላርፍ ብሏል። «ልጄ ይሄን ይዛ መጣች፣ ይሁንላት?» ነው ጥያቄው። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የእነዚህ መጻሕፍት ወግ የታወቀ ነው። ዘመኑ ድሮ ነው። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፣ አይጣጣሙም፣ አንዳቸው ከእግዚአብሔር ርቀዋል፤ መጨረሻ ላይ ከእሱም እርስ በርስም ይታረቃሉ። ስድብ የለም። ባልና ሚስት ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ ምዕራፉ ያልቃል። ስለዚህ ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሳሳም አለበት?» ብዙም አይጠቅምም። የአብዛኞቹ መልስ አንድ ነው፦ ጥቂት፣ ያውም ጨዋ።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ታሪኩ ሲጀምር ሴቲቱ ምን ደርሶባታል? ሐዘን ነው? ድህነት ነው? ወይስ ገላዋ ላይ የተፈጸመ በደል? መጽሐፉ የሚያክመው ቁስል ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ይነግራችኋል። ከዚያ ደግሞ፣ እሷ «እምቢ» ስትል ሰውዬው ምን ያደርጋል? ልጅቷ መጽሐፉን ዘግታ ይዛው የምትቀረው ይሄኛውን ነው።

ለጀማሪ፦ ጃኔት ኦክ

ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ»ን ያሳተመችው በ1979 ነው። ማርቲ 19 ዓመቷ ነው። ከባሏ ጋር በሠረገላ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ስትጓዝ ባሏ በፈረስ አደጋ ይሞትባታል። ነፍሰ ጡር ናት። የቀብሩ አፈር ሳይደርቅ ክላርክ የሚባል ገበሬ ይመጣና «ላግባሽ» ይላታል። ሚስቱ ሞታበት ለትንሽዬ ልጁ እናት ፈልጎ ነው እንጂ ስለ ፍቅር አንድ ቃል አይተነፍስም። «በጸደይ ወደ አገሬ ልመለስ ካልሽ መሳፈሪያሽን እኔ እከፍላለሁ፤ ልጄን ግን ይዘሽልኝ ትሄጃለሽ» ብሎ ይስማማል። ተጋብተው እሱ ለብቻው ያድራል።

ማርቲ ምግብ መሥራት አትችልም። ፓንኬክ ብቻ ነው የምታውቀው። ጠዋት ፓንኬክ፣ ማታ ፓንኬክ። ክላርክ ዝም ብሎ ይበላል። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ የፍቅር ትዕይንት ይሄ ነው።

የኛ አገር አንባቢ እዚህ ጋ ፈገግ ትላለች። አያቶቻችን የሙሽራውን ፊት ሳያዩ ነው የተዳሩት። «ፍቅር ኋላ ይመጣል» የሚለውን ነገር ካናዳዊት ልትነግረን አያስፈልግም። እዚህ ለተወለደች ልጅ ግን ግራ ነው። የእህቴ ልጅ «ሳታውቀው እንዴት ታገባዋለች?» ብላ ተቆጣች። አያቷን ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች፤ ሁለት ሰዓት በስልክ አወሩ። መጽሐፉ ሌላ ምንም ባያደርግ ይሄ ይበቃው ነበር።

እንግዲህ በእኔ መለኪያ ሲታይ፣ ቁስሉ ሐዘን ነው። ምጥ አለ፣ ሞት አለ፣ ዕንባ አለ፤ በደል የለም። ሰውዬው ይጠብቃል። እሷም መሄድ ትችላለች፣ እሱ ያውቃል፣ አንባቢዋም ታውቃለች። ለ12 እና 13 ዓመት ልጅ ያለ ሐሳብ እሰጣለሁ። አንድ ችግር ግን አለው፦ ቋንቋው። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩት የድሮ የገጠር እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም እንዳነጋገራቸው ተጣሟል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ቢያነበው እንግሊዝኛው የጠፋበት ይመስለዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የዚችው ደራሲ «ዌን ኮልስ ዘ ኸርት» (1983) ይቀላል። ከቶሮንቶ ወደ አልበርታ ገጠር የሄደች አስተማሪና የፈረሰኛ ፖሊስ ታሪክ ነው። በ2014 የጀመረውን ተከታታይ ፊልም አይታ ወደ መጽሐፉ ለምትመጣ ልጅ ግን አስቀድማችሁ ንገሯት፦ መጽሐፉ ውስጥ የፊልሙ ጃክ የለም፤ ፖሊሱ ዊን ይባላል። እኔ ስላልነገርኳት የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ትንሽ ከፍ ስትል፦ ክሪስቲ

የካትሪን ማርሻል «ክሪስቲ» በ1967 ነው የወጣው። ደራሲዋ የገዛ እናቷን ታሪክ ተመርኩዛ ነው የጻፈችው። ዘመኑ 1912፣ ቦታው የቴኔሲ ተራሮች። የ19 ዓመቷ ክሪስቲ የከተማ ልጅ ናት፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልታስተምር ወደ ድሃ የተራራ መንደር ትሄዳለች። ጫማ የሌላቸው ልጆች፣ የቤተሰብ ደም፣ ድብቅ አረቄ፣ በኋላ ደግሞ ታይፎይድ። ጎንደር ወይም ወሎ ገጠር ለማስተማር ተመድቦ የሄደ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ ያለ አንባቢ መንደሩን ወዲያው ይለየዋል።

ፍቅሩ በሁለት ሰዎች መሃል ነው፤ ወጣቱ ሰባኪና እምነቱን የጣለው ሐኪም። ጥሩነቱ፣ ክሪስቲ ከሁለቱም በፊት ሥራ አላት። ጠዋት ተነስታ ታስተምራለች። ፍቅር ቀኗን ሙሉ አይበላባትም። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ለ15 ዓመት ልጅ አንድ ብቻ ስጪ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምሰጠው።

ማወቅ ያለባችሁ ግን አለ። የሚሲዮኑ ነፍስ ሚስ አሊስ ናት። እሷ በልጅነቷ በሃይማኖት ስም ቀርቦ የተጠቀመባት ሰው እንደነበረ ለክሪስቲ ትነግራታለች። ዝርዝር የለውም፣ ጨዋ ነው፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። አንዳንድ እናቶች በዚህ ምክንያት ይከለክላሉ። እኔ በዚህ ምክንያት ነው የምሰጠው። «የእግዚአብሔር ሰው ነኝ» ብሎ የሚቀርብ ሰው ሁሉ እንደማይታመን ልጃችን ከማን ትስማ? ከሚስ አሊስ ብትሰማው ይሻላል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ መጀመሪያው ላይ ዝግ ይላል። ታገሡት።

ወደ ወደቀው መጽሐፍ እንመለስ

ፍራንሲን ሪቨርስ ጌታን ከማግኘቷ በፊት ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። «ሪዲሚንግ ላቭ» መጀመሪያ በ1991 በዓለማዊ አሳታሚ ወጣ፤ ዛሬ በክርስቲያን መጻሕፍት ሱቅ የሚሸጠው ተስተካክሎ በ1997 የታተመው ነው። መነሻው ትንቢተ ሆሴዕ ነው። ነቢዩ ጋለሞታ ሚስት አግባ ተብሎ፣ ሄዳ ስትባልግ ደግሞ መልሰህ ውደዳት እንደተባለው። ሪቨርስ ይሄን ወደ 1850 የካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ወሰደችው። ኤንጀል በልጅነቷ ለዝሙት የተሸጠች ሴት ናት። ማይክል ሆሴዕ የሚባል ገበሬ ያያታል፣ እግዚአብሔር «ሚስትህ እሷ ናት» ሲለው ይሰማል፣ ያገባታል።

በዚህ መጽሐፍ የዳኑ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው። መጥፎ መጽሐፍ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በሁለቱ ጥያቄዎች እንየው።

ቁስሉ፦ ሕፃን ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት፣ ድብደባ፣ በግድ የተደረገ ውርጃ፣ ራስን ማጥፋት፣ ከገዛ አባቷ ጋር የተያያዘ አንድ አስጨናቂ ታሪክ። ጸሐፊዋ በብልግና አልጻፈችውም። ቢሆንም እዚያው ነው፣ ገጽ በገጽ።

እምቢታው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማይክል የሚያገባት ተደብድባ ራሷን በማታውቅበት ሰዓት ነው። ትጠፋለች፤ ሄዶ ይመልሳታል። 40 ዓመት የሞላት፣ ሆሴዕን የምታውቅ አንባቢ ማይክልን ስታይ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት ታያለች። የ14 ዓመት ልጅ የምታየው ግን ቆንጆ ገበሬ ነው። «ከወደደሽ እምቢታሽን አይሰማም» የሚለውን ትማራለች። በኛ ቸርቾች ደግሞ «ጌታ ተናግሮኛል፣ ሚስቴ አንቺ ነሽ» ያልተባለች ልጅ ማን ናት? እኔ ሦስት ጊዜ ተብያለሁ፤ ሦስቱም ሌላ አገቡ። ይሄን ዓረፍተ ነገር በቆንጆ ልብ ወለድ ውስጥ ሲፈጸም ከማየቷ በፊት ልጅቷ ትንሽ መሳቅ ትልመድ።

እኔ የምፈቅድበት ዕድሜ 17 ነው፣ ያውም አብሯት የሚያወራ ሰው ካለ። ቤተሰቡ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ካለች ዕድሜው ሳይሆን ቁስሏ ይወስናል፤ መጽሐፉ ሊያጽናናትም ሊቀሰቅስባትም ይችላል። የ2022ቱ ፊልም ፒጂ 13 መሆኑ አያታልላችሁ። ያ የፊልሙ ነው።

ሮም በሁለት ብዕር

ታሪክ ለሚወዱ፣ በተለይ «የፍቅር መጽሐፍ የሴት ነው» ለሚሉ ወንዶች ልጆች፣ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የሪቨርስ «ኤ ቮይስ ኢን ዘ ዊንድ» (1993) እና የፖላንዳዊው ሄንሪክ ሺንኬቪች «ኩዎ ቫዲስ»። ሁለተኛው ከ1895 ጀምሮ በጋዜጣ በተከታታይ የወጣ ነው፤ ደራሲው በ1905 ኖቤል ተሸልሟል።

አጥንታቸው አንድ ነው። ክርስቲያን ልጃገረድ፣ የሮማ ጌታ፣ አንበሳ ያለበት ሜዳ። በሪቨርስ፣ ሃዳሳ ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ስትወድቅ ተማርካ የሮማውያን ባሪያ ትሆናለች። የቤቱ ልጅ ማርቆስ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ግን ስለማያምን እምቢ ትለዋለች። በሺንኬቪች ደግሞ ዘመኑ የሮማው ቄሣር የኔሮ ነው። ወታደሩ ቪኒቺየስ ሊጂያን መጀመሪያ በጉልበት ሊወስዳት ይነሳል። ደራሲው ግን አያቆላምጠውም። ትሸሸዋለች፣ ሲያሳድዳት ይዋረዳል፣ የሚለወጠውም እሷን ማሳደድ ሲተው ነው። ማይክልን ካነበባችሁ በኋላ ይሄን ስታነቡ እፎይ ትላላችሁ።

የሪቨርሱ ቶሎ ይነበባል፤ ግን የሮምን ብልግና፣ ውርጃውን፣ የተጣለ ሕፃኑን ሳይቀር ያሳያል። 16 ዓመት እላለሁ። ደግሞ የተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ የሚያልቀውም በጣም ክፉ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለተኛው በእጃችሁ ሳይኖር እንዳትሰጡ፣ ሌሊት ትቀሰቅሳችኋለች። «ኩዎ ቫዲስ» የኔሮ ግብዣና የሰማዕታት ስቃይ ቢኖርበትም ለ15 ይሆናል፤ ችግሩ የድሮው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከባድ መሆኑ ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ኡርሱስ ከበሬው ጋር የሚታገልበትን ምዕራፍ ለወንዱ ልጅ አስቀድማችሁ አስነብቡት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከበስተጀርባ ማን አለ?

ሌላም የምጠይቀው ነገር አለ፤ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ረጅም ቀሚስ የለበሰችው ሴት ሻይ ስትጠጣ ሻዩን ማን አፈላው? ጥቁር ልጆች ለምናሳድግ ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካ ደቡብ ላይ የተጻፉ «ንጹሕ» የፍቅር መጻሕፍት ብዙዎቹ ባሪያውን እንደ ቤት ዕቃ ነው የሚያልፉት።

በ1867 የጀመረው የማርታ ፊንሊ «ኤልሲ ዲንስሞር» ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእሱ የበለጠ «ንጹሕ» ፈልጋችሁ አታገኙም። ኤልሲ በሰንበት ዓለማዊ ዜማ አልጫወትም ብላ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ እስክትወድቅ ድረስ ትጸናለች። ቤቱ ግን ባሪያዎች ያሉበት እርሻ ነው፤ ኋላ የምታገባውም የአባቷን ጓደኛ ነው። አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።

በተቃራኒው የሊን ኦስቲን «ካንድል ኢን ዘ ዳርክነስ» (2002) ጥያቄውን ፊት ለፊት ይዞ ይነሳል። ካሮላይን የሪችመንድ ሀብታም ልጅ ናት። ያሳደገቻት ባሪያዋ ቴሲ ልጅ አላት፤ ልጁ ይሸጣል። ካሮላይን የልጁ አባት ማን እንደሆነ ስታውቅ ስለ ገዛ ቤቷ የምታውቀው ሁሉ ይፈርስባታል። ከዚያ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ይመጣል፤ እጮኛዋ ባርነት እንዲቀጥል ለሚሻው ደቡብ ይዋጋል፣ እሷ ለሰሜን ትሰልላለች። እዚህ ጋ «እምቢ» የምትለው እሷ ናት፣ ለምትወደው ሰው ዓላማ። ፍቅሩ ደግሞ አይሞትም፤ ያ ነው የሚያስጨንቀው።

ለ14 ዓመት ልጅ ይሆናል። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ታሪኩን የምታወራው ነጯ ናት፣ ቴሲን የምናያት በእሷ ዓይን ነው። የዚሁ ተከታታይ ሦስተኛ ክፍል ባሪያይቱን ራሷን መሃል ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለቱን አከታትሎ ማንበብ ይጠቅማል። እኛ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ላለን ደግሞ ሪችመንድ የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ከተማው ውስጥ ካስል ተንደር የሚባል እስር ቤት ነበር፤ ካሮላይንም የምትታሰረው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት የትምባሆ መጋዘን ነበር። የእህቴ ልጅ መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። ለእሷ ይሄ ብርቅ ነው።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ቤተሰቦች

ከሺንኬቪች በስተቀር እስካሁን የጠራኋቸው የወጡት ከፕሮቴስታንት ዓለም ነው። ሰው የሚድነው ለብቻው ተንበርክኮ በሚጸልየው አንድ ጸሎት ነው። ጾም የለም፣ ንስሐ አባት የለም፣ ታቦት የለም። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እናት «ልጄን ጴንጤ ያደርግብኛል?» ብላ ጠይቃኛለች። አንድ ልብ ወለድ ያን ያህል ጉልበት ያለው አይመስለኝም። ግን ልዩነቱን ቀድሞ ማስረዳት የናንተ ሥራ ነው። ጴጥሮስና ጳውሎስ በአካል የሚመጡበት «ኩዎ ቫዲስ» ለናንተ ይቀርባል።

«በአማርኛስ?» የሚሉኝም አሉ። አስቂኙ ነገር፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የዚህ ዘውግ ዘመድ ነው። በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ማለቴ ነው። ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ አለች። ያላመነው ንጉሥ ይወዳታል፣ በመጨረሻ ክርስቲያን ሆኖ ያገባታል። አማርኛው ለውጭ ተወላጅ ልጅ ከባድ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ብታነቡላት ነው የሚሻለው። ከሃዳሳና ከሊጂያ ጋር አስተያዩላትማ። «እወደዋለሁ፣ ኋላ ያምናል» የሚለው ተስፋ በሦስቱም ውስጥ አለ፤ ሦስቱም ሴቶች ግን ሰውዬው ሳይለወጥ እሺ አላሉም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ጨምሪ የሚሉኝ አሉ። እወደዋለሁ፤ ግን ስለት የሰዎችን ሕይወት እንዴት እንደሚያስር የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፣ ሌላ ወሬ ነው።

እህቴ መጽሐፉን ልትቀማት ነበር። ተይ አልኳት፤ የተቀማ መጽሐፍ ስልክ ላይ በደቂቃ ይገኛል። ይልቅ ልጅቷን አስቀምጬ ውስጡ ምን እንዳለ ሳልደብቅ ነገርኳትና «ክሪስቲ»ን በምትኩ ሰጠኋት።

«ይሄኛውንስ መቼ ነው የማነበው?» አለች።

«17 ሲሞላሽ፣ አብረን።»

ስልኳን አውጥታ ካላንደሩ ላይ የልደቷን ቀን መዘገበች፤ ለእኔም ላከችልኝ። «አክስቴ፣ አክሰፕት አድርጊው» ብላ ቆማ ጠበቀችኝ።